«ካሽ ይበቃል» ለተባሉት አዲስ መጤዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ወደ አሜሪካ ለሚመጡ ወገኖች ምክር የጻፉት ሰው ብዙ ደህና ነገር ብለዋል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ስልክ ውሉ፣ ሥራ ሳያማርጡ ስለ መጀመር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። «ክሬዲት ካርድ የሚባል ነገር እንዳትነኩ። ካሽ ይበቃል። ዕዳ የሌለበት ሰው እንቅልፉን ይተኛል» ይላሉ። ምክሩ ከቅን ልብ እንደመጣ አልጠራጠርም። አባቴም ቢኖር ይሄንኑ ነበር የሚለኝ። ችግሩ ይህን ምክር ሰምቶ የመጣ ሰው ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ እኔ ጋ መምጣቱ ነው። መጥቶም «ዋስ የሚሆነኝ ሰው አታውቂም?» ይለኛል።

ብዕር ያስነሳኝ ይኸው የዋስ ነገር ነው። እደርስበታለሁ።

ሥራዬ የሰው ታክስ መሙላት ነው፤ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከጥር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር አይቀዘቅዝም። ሰዉ የዓመቱን ፖስታ ሁሉ በፌስታል አጭቆ ያመጣዋል። ግማሹ ገና አልተከፈተም። የታክሱን ወረቀት ስፈልግ የዲለሩ (የመኪና ሻጩ) ውል፣ የሆስፒታሉ ሂሳብ፣ የዕዳ ሰብሳቢው ማስፈራሪያ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ያልተጠየቅኩትንም አያለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ነው። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አባት አሉ። የቤት ኪራይ አሳልፈው አያውቁም። መኪናቸውን በካሽ ገዙ። ልጆች አስተማሩ፣ አገር ቤት ያሉትን ረዱ፣ ባንክ ውስጥም ጥሩ ገንዘብ አላቸው። ኮንዶ ልግዛ ብለው ሲሄዱ አበዳሪው ኮምፒውተሩን አየና «ስለ እርስዎ ምንም የለም» አላቸው። መጥፎ ነገር ተገኘባቸው ማለት አይደለም። ጥሩም መጥፎም የለም። እኔ ጋ መጥተው «ሌባ እንኳን ፋይል አለው፤ እኔ ምን በድዬ ነው የሌለኝ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ኋላ ላይ የኪራይና የስልክ ክፍያቸውን ማስረጃ ተቀብሎ ፋይሉን በእጅ የሚመረምር አበዳሪ ተገኘላቸው። እንዲህ ያለ መንገድ አለ። ግን ብዙ አበዳሪ አይደክምበትም። እሳቸውም እስኪያገኙት ድረስ የፈለጉት ኮንዶ ተሸጦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙ ሦስት ትልልቅ መዝገብ ያዦች አሉ፦ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን። ሦስቱም የግል ኩባንያዎች ናቸው እንጂ መንግሥት አይደሉም። ባንኩ፣ የካርድ ድርጅቱ፣ ለመኪና ያበደረው ሁሉ በየወሩ «እገሌ ከፈለ፣ እገሊት አሳለፈች፣ እገሌ ይሄን ያህል ቀረበት» እያለ ያሳውቃቸዋል። የክሬዲት ነጥብ የሚባለው፣ አበዳሪ ሰውን የሚመዝንበት ቁጥር፣ የሚሰላው ከዚያ መዝገብ ነው። አበዳሪዎች በብዛት የሚያዩት ፋይኮ የሚባለውን ነው። በፈረንጆቹ 1989 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የወጣ ሲሆን ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ደሞዛችሁን አያውቅም። ባንክ ያስቀመጣችሁትን አያውቅም። ለእናታችሁ በየወሩ እንደምትልኩም አያውቅም። አከራያችሁ አብዛኛውን ጊዜ መክፈላችሁን ለማንም አይናገርም። ሳትከፍሉ ወጥታችሁ ዕዳው ለሰብሳቢ ሲሰጥ ግን መዝገብ ላይ ቁጭ ይላል። መብራትና ውሃም እንደዚያው። ጥሩህን የማያወራ፣ መጥፎህን የማይደብቅ ጎረቤት በሉት።

ፋይኮ ነጥብ ለማውጣት ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ የብድር ወይም የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ይፈልጋል። ካሽ ይበቃል ያለ ሰው እንግዲህ ስድስት ወርም ኖረ ስድሳ ዓመት ያው ነው።

አገር ቤት ያላችሁም የፈረንጅ ጣጣ ነው ብላችሁ አትለፉት። በቴሌብር በስልክ የሚሰጠው ብድርም ጣሪያው የሚወሰነው በአጠቃቀማችሁና በአመላለሳችሁ ነው። ነገሩ እየመጣ ነው።

ነጥብ ማጣት በገንዘብ ሲተመን ስንት እንደሆነ ላሳያችሁ። አንድ ወጣት የዲለር ውሉን ይዞ መጣ። የተበደረው ሃያ ሺህ ዶላር፣ ለአምስት ዓመት፣ ወለዱ 18 በመቶ። በወር 508 ዶላር ገደማ። እዚያው ካልኩሌተር አውጥቼ በ6 በመቶ ሠራሁለት፤ 387 ዶላር ገደማ መጣ። ልዩነቱ በወር 121 ዶላር ነው። በአምስት ዓመት ከ7,200 ዶላር ይበልጣል። ያው መኪና፣ ያው ሞተር። ልጁ ካልኩሌተሩን ትኩር ብሎ አይቶ «ይሄ እኮ አንድ የእቁብ ዕጣ ነው» አለ። እውነቱን ነው። በብዙ ስቴቶች የመኪና ኢንሹራንሱም ክሬዲት አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ ይከለክላሉ፤ በአብዛኛው ሌላ ቦታ ግን ጥሩ ነጂ ሆናችሁም በክሬዲታችሁ ምክንያት ልትጨምሩ ትችላላችሁ። አፓርታማ ለመከራየትም ያዩታል።

እንግዲህ ነጥብ የሌለው ሰው 18 በመቶውን ሲሰማ ምን ያደርጋል? ዋስ ይፈልጋል። ዲለሩም ራሱ ይነግረዋል፦ «ኮሳይን የሚያደርግልህ ሰው ካለ ወለዱን እናወርዳለን።» ልጁ ስልኩን ያወጣል። እኛ ደግሞ ለዋስ እምቢ ማለት አናውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ የልጅ ልደት ላይ እንጠየቃለን። «ፊርማ ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ የምከፍለው» እንባላለን። የአክስት ልጅ ከሆነ ይሉኝታ አንቆ ይይዛል። የእናቱን ሰላምታ ይዞ የመጣ የአገር ልጅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ይሄን ፊርማ ስንፈርም በልባችን ያለው የአገር ቤቱ ዋስትና ነው። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ዋስ የሆነ ሰው «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ያዙ፤ ካልበቃ ወደ እኔ ኑ» የማለት መብት አለው። እዚህ አገር ኮሳይን ያደረገ ሰው በአብዛኛው ቦታ ይህ መብት የለውም። አበዳሪው ተበዳሪውን ጫፉን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። ይሄን የምለው ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። ከ1985 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አለ። ዋስ የሚሆነው ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዲሰጠው ያዛል። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አጭር ነው። ይህን ዕዳ እንድትዋስ ተጠይቀሃል፣ ከመፈረምህ በፊት በደንብ አስብ፣ ተበዳሪው ካልከፈለ የምትከፍለው አንተ ነህ ይላል። የማገኘው ከመኪና ጥገና ዋስትና ማራዘሚያ ማስታወቂያና ከዘይት መቀየሪያ ኩፖን መሀል ተጣጥፎ ነው። «ይሄን አንብበኸዋል?» ስል «የቱን?» እባላለሁ።

አንዲት ሆም ኬር የምትሠራ እህት አለች። ሌሊት ሌሊት አሮጊት እያስታመመች፣ ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ እየሠራች ለቤት ቀብድ ያጠራቀመች። ለአንድ የሰፈሯ ልጅ መኪና ኮሳይን አደረገች። ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም። አንድ ዓመት ያህል ከፍሏል። ከዚያ ሥራ ቀየረ፣ ስቴት ቀየረ፣ ስልክ ቀየረ። መኪናው ተወሰደ፤ በጨረታ በርካሽ ተሸጠ። በዕዳውና በጨረታው ዋጋ መሀል ያለው ልዩነት ከነወጪው ተረፈ። ደብዳቤው ሁሉ የሚሄደው ወደ ልጁ የድሮ አድራሻ ነበር። እሷ ያወቀችው ለቤት ብድር ስታመለክት ነው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። አበዳሪው እያዘነ ነገራት። ማዘኑ ወለዱን አላወረደላትም።

ልብ በሉ፤ ልጁ በሰዓቱ እየከፈለ ቢሆን እንኳን ነገሩ አያልቅም። ኮሳይን ያደረጋችሁት ብድር እናንተ መዝገብ ላይም እንደራሳችሁ ብድር ይታያል። ለቤት ስታመለክቱ ያ 508 ዶላር ከወር ወጪያችሁ ጋር ይደመራል። አንዳንድ የቤት አበዳሪ ከስሌቱ የሚያወጣላችሁ ያኛው ሰው ከራሱ ሂሳብ አሥራ ሁለት ወር ሳያሳልፍ እንደከፈለ የባንክ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ይሄን ማስረጃ ከአንድ ከተኮራረፈ የአገር ልጅ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ገምቱ። «ስሜን አውጡልኝ» ብሎ መውጣትም የለም። ብድሩ ካለቀ ወይም ልጁ በስሙ ብቻ እንደገና ከተበደረ ነው የምትለቀቁት። የዘገየ ክፍያ ደግሞ መዝገብ ላይ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። በዚህች ሴት ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ልጁም ይቅርታ ጠይቋል። ሽማግሌ ግን የኢኩዊፋክስን መዝገብ አያስፍቅም።

ለዚህ ነው የጸሐፊው ምክር ያሳሰበኝ። ካርድ አትንኩ የተባለ ሰው ከዕዳ አያመልጥም። የራሱን ትንሽ ካርድ ትቶ የሰው ስም ይዞ ትልቅ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ዋስ ጠይቆን የሚመጣ ዘመድ ካለ ባዶ እጁን መመለስ የለብንም። ጥሩ ታሪክ ያለው የቆየ ካርድ ካላችሁ እሱ ላይ ተጠቃሚ አድርጋችሁ ስሙን ማስገባት ትችላላችሁ። ካርዱን በእጁ መስጠት እንኳን የግድ አይደለም። የብዙ ባንኮች ካርድ ታሪክ እሱ መዝገብ ላይም ይገባለታል። ነገሩ ካላማራችሁ አንድ ስልክ ደውላችሁ ታስወጡታላችሁ። በኮሳይን ይሄ የለም። የእናንተ ካርድ አፉ ድረስ የሞላ ከሆነ ግን ለልጁም አይበጅም፤ ተዉት።

ሁለተኛው መንገድ ሲኩርድ ካርድ የሚባለው ነው። ሁለት መቶ ዶላር ያህል ባንክ ታስይዛላችሁ፤ የዚያኑ ያህል ሊሚት (የመጠቀሚያ ጣሪያ) ያለው ካርድ ይሰጣችኋል። ባንኩ ገንዘባችሁን ስለያዘ ታሪክ የለህም ብሎ አይመልሳችሁም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያልወጣላቸውን በታክስ ቁጥር የሚቀበሉ ባንኮችም አሉ። ካርዱ ለሦስቱም መዝገብ ያዦች ሪፖርት ማድረጉን ጠይቃችሁ ውሰዱ። በሱ አንድ ነገር ብቻ ክፈሉ፤ የስልክ ሂሳብ በቂ ነው። ከባንክ ሂሳባችሁ ራሱ እንዲከፈል አውቶፔይ አድርጉና ካርዱን ኪስ ውስጥ አታዙሩት። እኔ ለአዲስ መጤ የምመክረው ይሄንን ነው። ጸሐፊው የፈሩት ሱስ እንዳይመጣም ዋናው መከላከያ ይኸው ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ አምስት ካርድ ሞልቶ በስድስተኛው ሚኒመም (ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ) የሚከፍል ሰውም ቢሮዬ ይመጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

500 ዶላር ሊሚት ያለው ካርድ የያዘ ሰው አስቡ። አስቤዛውንም ቤንዚኑንም በሱ ይከፍላል። ወሩ ሲያልቅ 450 ደርሷል። ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ይከፍላል፤ ወለድ አይነካውም። ቀን አላሳለፈም። ነጥቡ ግን አልነሳ ይላል። ለምን? የካርድ ድርጅቱ ለመዝገብ ያዦቹ የሚነግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) በሚዘጋበት ቀን ያለውን ቀሪ ነው። ከዚያ በኋላ መክፈሉን ገና አላዩም። የሚያዩት ከ500ው 450ውን የጨረሰ፣ 90 በመቶ የሞላ ሰው ነው። ፋይኮ ደግሞ 35 በመቶውን በሰዓቱ በመክፈል፣ 30 በመቶውን ደግሞ ምን ያህል ዕዳ አለበት በሚለው ነው የሚያሰላው። የቀረው ታሪኩ ስንት ዓመት ቆየ፣ በቅርብ ስንት አዲስ ብድር ጠየቀ፣ ምን ምን ዓይነት ብድር አለው የሚል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ አብዛኛውን መክፈል ነው። ሰላሳ አርባ ዶላር ብቻ ይቅር፤ እሱም ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ይከፈል። በሚቀጥለው ወር ነጥቡ ይነሳል። በብዛት በሚሠራበት ስሌት ያለፈው ወር 90 በመቶ ቂም አይያዝበትም። «ትንሽ ዕዳ ወደሚቀጥለው ወር ማሻገር ክሬዲት ይገነባል» የሚሏችሁን አትስሟቸው። ለባንኩ ወለድ ከመገንባት ሌላ የሚገነባው ነገር የለም። የመጀመሪያዋን ካርድ ዓመታዊ ክፍያ እስከሌላት ድረስ አትዝጓት። የራሳችሁን ነጥብ በማየት ደግሞ ነጥብ አይወርድም። የሚቀንሰው አበዳሪ ብድር ጠይቃችሁት ሲያይ ነው። እሱም የመኪና ወይም የቤት ብድር በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ቦታ ብትጠይቁ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ዲለር ያቀረበላችሁን የመጀመሪያ ወለድ አትቀበሉ፤ መጀመሪያ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) ጠይቁ።

አገር ቤት ለገናና ለጥምቀት የምትሄዱ! ሁለት ሦስት ወር መቆየታችሁ ነው። ደንበኛዬ የሆነ ታክሲ ነጂ ከአርባ ዶላር በማይበልጥ የሱቅ ካርድ ሂሳብ ነጥቡ ቁልቁል ወርዶበታል። ወረቀቱ የመጣው ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ እሱ ጎንደር ነው። ክፍያ ጥቂት ቀን ቢዘገይ መቀጮ ነው የሚያስከፍለው፤ መዝገብ ላይ አይገባም። ሰላሳ ቀን ካለፈ ግን ይገባል። የሚገርመው ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው በአንዲት ጥፋት ይበልጥ ይወርዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም አውቶፔይ አድርጉ። ማንም በስማችሁ እንዳይበደር መዝገቡን ማስቆለፍም ትችላላችሁ። ፍሪዝ ይሉታል። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው፤ ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው የሚደረገው።

ስለ ስማችንም ልናገር። አንዱ ሠራተኛ ፀጋዬን በቲ እና በኤስ ይጽፈዋል፤ ሌላው በኤስ ብቻ። የአባት ስማችን እንደ ቤተሰብ ስም ይወሰዳል። ሱዳን ወይም ኬንያ ካምፕ አልፈው የመጡ ብዙ ወገኖች ደግሞ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ልደት ያላቸው ሁለት ሰዎች ማግኘት እኛ ዘንድ ተራ ነገር ነው። የአንዱ ዕዳ ሌላው ፋይል ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ቨርጂኒያን ረግጦ የማያውቅ ሰው የአሌክሳንድሪያ ጥርስ ሐኪም ዕዳ ተለጥፎበት ነበር። የክሬዲት ሪፖርታችሁን፣ ማለትም መዝገብ ያዦቹ ስለ እናንተ የያዙትን፣ አውጥታችሁ እዩ። ከሦስቱም በየሳምንቱ በነጻ ይገኛል። ስህተት ካለ ለመዝገብ ያዡ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ አያይዙ። ሕጉ በጥቅሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣራ ያስገድደዋል። ክፍያ የለውም።

ክፍያ የለውም ስል ጮክ ብዬ ነው። በአማርኛ «ክሬዲት እናጸዳለን፣ በወር 200 ነጥብ እንጨምራለን» የሚል ማስታወቂያ በየስልካችን እየመጣ ነው። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉት ድርጅቶች ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ቀድሞ ክፈሉ ካሏችሁ ሽሹ። በሶሻል ሴኩሪቲ ፋንታ አዲስ ቁጥር እንሰጣችኋለን የሚሉት ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ቁጥሩን ብድር ላይ የጻፈ ሰው ራሱ ወንጀል ውስጥ ይገባል። እውነተኛ ጥፋት ከሆነ ማንም አያጸዳውም። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣል።

የሆስፒታል ዕዳ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ትንሽ ተንፍሱ። ከ2022 ወዲህ ሰብሳቢ ጋ የሄደ የሕክምና ዕዳ ዓመት ሳይሞላው ሦስቱ መዝገብ ላይ አይወጣም፤ የተከፈለውም ተነስቷል። ከ2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነው አይታይም።

ሚስቶችን አንድ ነገር ልበላቸው። የባልና ሚስት ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ቤቱም፣ መኪናውም፣ ካርዱም በእሱ ስም ብቻ ከሆነ ነጥቡ የእሱ ብቻ ነው። ባል ሲሞት ወይም ፍቺ ሲመጣ ሃያ ዓመት አብራ የከፈለች ሴት እንደ ትናንት መጤ ትቆጠራለች። በስማችሁ አንድ ካርድ ይኑራችሁ። ባላችሁ ቅር ካለው ይሄን ጋዜጣ አሳዩት።

የመጨረሻው ጉዳዬ እቁብ ነው። ለታክሲ ነጂው፣ ለባለ ምግብ ቤቱ፣ ለነርሷ እቁብ ማለት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ሳይሳቱ የሚጥሉት ገንዘብ ነው። ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፤ ዳኛው የሁሉንም ባህሪ ያውቃል። ከዚህ የበለጠ የክፍያ ታሪክ የት አለ? መዝገብ ያዦቹ ግን አያዩትም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሚሽን አሴት ፈንድ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለዚህ ብልሃት አግኝቷል። ላቲኖዎቹም እንደኛ እቁብ አላቸው። ድርጅቱ እቁብተኞቹን ውል ያስፈርማል፤ መዋጮውን እንደ ወለድ አልባ ብድር ክፍያ አድርጎ ለሦስቱም ያስተላልፋል። ካሊፎርኒያም በ2014 ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር በሕግ መንገድ ከፍታለች። እኛ እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ይህን ያህል ሕዝብ ሆነን ለምን አንሞክረውም? አርሊንግተን ውስጥ ከ1983 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ክፍል አለው። ከሜዳ አንነሳም። የእቁብ ዳኞች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴዎች አንድ ቅዳሜ ቢቀመጡ እኔ ወረቀቱን ያለ ክፍያ ለመሙላት ዝግጁ ነኝ። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ይሁን እንጂ።

አዘጋጁን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ነጻ ሪፖርቱ የሚገኝበት አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው፤ እባካችሁ በእንግሊዝኛ ፊደልም በትልቁ አትሙልን። ስማቸው የሚመሳሰል፣ ካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ሌሎች ገጾች አሉ። ጸሐፊው ደግሞ በሚቀጥለው ዓምዳቸው «አትንኩ» ያሉትን «አንድ ብቻ፣ በሁለት መቶ ዶላር መያዣ» ብለው ቢያስተካክሉልኝ ደስ ይለኛል። ካልተስማሙም መልሳቸውን ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ ይቆየኝ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ